የግል ወይስ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጤና ኢንሹራንስ ነገር ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ይጋጋላል። አንዱ «መንግሥት የገባበት ነገር አይሆንም» ይላል። ሌላው «በሰው ሕመም እንዴት ይነገዳል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያዩት የኢንሹራንሱን ባለቤት ነው። እኔ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው ባይ ነኝ፦ ማን ውስጥ ገብቷል? ማንስ ደጅ ቀርቷል? ከታች ያሉትን መልሶች የጻፍኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው ልዩነት ምንድን ነው?

የገንዘቡን መንገድ ይከተሉ። የግል ኢንሹራንስ ኩባንያ እርስዎን አይቶ ዋጋ ያወጣል። ዕድሜዎን ይጠይቃል። ያለብዎትን ሕመም ይጠይቃል። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፍሉትን አረቦን ይነግርዎታል። ጤናዎ ደከም ያለ ከሆነ አረቦኑ ይወደዳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይቀበልዎትም።

በመንግሥት ኢንሹራንስ መዋጮው የሚሰላው በሕመምዎ ሳይሆን በገቢዎ ነው። ከደመወዝ በመቶኛ ይቆረጣል፣ ወይም ከግብር ይሸፈናል። የስኳር ሕመም ያለበትም፣ በየቀኑ ስፖርት የሚሠራውም ደመወዛቸው እኩል ከሆነ እኩል ያዋጣሉ።

በግሉ ዋጋው ስጋትዎን ተከትሎ ይሄዳል፤ በመንግሥቱ አቅምዎን ተከትሎ። ሕግ ካለ ግን የግሉም ጠባይ ሊለወጥ ይችላል። ወደዚያ እንመጣለን።

«የመንግሥት» ሲባል ሐኪሙም ሆስፒታሉም የመንግሥት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ከፋዩ ሌላ፣ አካሚው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ሥራ የጀመረው ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። የጤና ሚኒስትሩ አኒዩሪን ቤቫን ነበር። ገንዘቡ በዋናነት ከግብር ይመጣል፤ አብዛኞቹ ሆስፒታሎችም የመንግሥት ናቸው። ጠበቅ አድርገን ካየነው ይህ ኢንሹራንስ እንኳን አይባልም። መንግሥት ራሱ የሚሰጠው ሕክምና ነው።

ካናዳ ሌላ ናት። አብዛኞቹ ሐኪሞች በግላቸው የሚሠሩ ናቸው። ሂሳቡን የሚልኩት ግን ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው። ይህ አሠራር በ1962 በሳስካችዋን ክፍለ ግዛት ሲጀመር ሐኪሞች ለ23 ቀናት አድማ መትተው ነበር። የመንግሥት ተቀጣሪ እንሆናለን ብለው ሰግተው ነው። የሰጉት ግን አልደረሰም። ዛሬም አብዛኞቹ የራሳቸው አለቃ ናቸው።

ጀርመን ከሁለቱም ትለያለች። የዚህ ሁሉ ጅማሬም እሷ ናት። በቻንስለር ኦቶ ፎን ቢስማርክ ዘመን በ1883 በወጣው ሕግ መሠረት ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍል ነበር። ገንዘቡን የሚይዙት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች አይደሉም። ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ የሕመም ፈንዶች ናቸው። መንግሥት ደንቡን ያወጣል፤ ፈንዶቹ በደንቡ ይሠራሉ። ዛሬም ከ10 ነዋሪ 9ኙ ገደማ መድን ያለው በእነዚህ ፈንዶች በኩል ነው።

ወጣት ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ። ለምን ተገድጄ እከፍላለሁ?

ቅን ጥያቄ ነው። በደንብ መመለስ አለበት።

ኢንሹራንስ በፈቃደኝነት ብቻ ይሁን እንበል። መጀመሪያ ሮጦ የሚመዘገበው ማን ነው? የታመመ ሰው ነው፤ ወይም ሕመም እንደማይቀርለት የጠረጠረ። ጤነኛው «ቆይ፣ ይደርሳል» ይላል። የተመዘገቡት ብዙ ስለሚታከሙ ወጪው ይበዛል። ወጪው ሲበዛ አረቦኑ ይጨመራል። አረቦኑ ሲጨመር ከውስጥ ካሉት መካከል ሻል ያለው ሰው «ለእኔ አያዋጣም» ብሎ ይወጣል። እንደገና ይጨመራል። እንደገና ሰው ይወጣል። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት በጣም የታመሙት ናቸው። እነሱ ደግሞ ያንን ዋጋ አይችሉትም።

ይህ እንዲሁ በሐሳብ የተፈጠረ ነገር አይደለም። የኒውዮርክ ግዛት በ1993 መድን ሰጪዎች ማንንም እንዳይመልሱ፣ በዕድሜና በጤንነትም ዋጋ እንዳይለዩ የሚያዝ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነበር። ጤነኞቹን የሚያስገባ ግዴታ ግን አልነበረም። በመሥሪያ ቤት በኩል ሳይሆን በግላቸው መድን የሚገዙ ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት አሽቆለቆለ። አረቦኑም ለብዙው ሰው የማይቀመስ ሆነ። በር መክፈት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ሲሉት ኖረዋል። ኬኔት አሮው በ1963፣ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለዚህ ጽፈዋል። አከርሎፍ ያነሳው አንዱ ምሳሌ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች የጤና መድን ለመግዛት መቸገራቸው ነው። ገዢው ስለ ሕመሙ ከሻጩ የበለጠ ስለሚያውቅ ሻጩ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ይሸሻል።

የወጣትነት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ትርፍ አንጀት ዕድሜ አይጠይቅም። የመኪና አደጋም፣ የወሊድ ችግርም እንዲሁ። ቤት እሳት ሲይዘው የእሳት ኢንሹራንስ የሚሸጥልዎት የለም፤ ጤናም ከዚህ አይለይም። ዛሬ የሚያዋጡት ለሌላ ሰው ይመስላል። ሲያረጁ ደግሞ ሌላ ወጣት ለእርስዎ ያዋጣል።

ግዴታ የማይወዱ አገሮች ሌላ ዘዴ ሞክረዋል። አውስትራሊያ ከ2000 ጀምሮ የግል የሆስፒታል መድን ለመግባት ለዘገየ ሰው፣ ከ30 ዓመት በላይ ባለፈው በእያንዳንዱ ዓመት 2 በመቶ አረቦኑ ላይ ታስጨምራለች። ግድ አይደለም፤ ግን መዘግየት ያስከፍላል።

ቀድሞ የጀመረኝ ሕመም አለ። የግል ኢንሹራንስ ይቀበለኛል?

በሕጉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሚከለክለው ሕግ ከሌለ ኩባንያው ከአራቱ አንዱን ሊያደርግ ይችላል። አይቀበልዎትም። ወይም ይቀበልዎትና «ይህ ሕመም ግን አይሸፈንም» ይላል። ወይም አረቦኑን ያንረዋል። ወይም «መጀመሪያ ይህን ያህል ወር ይጠብቁ» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሕመሙን አይደብቁ። ቅጹ ላይ የሞሉት ውሸት ሆኖ ከተገኘ ኩባንያው በጣም በሚያስፈልግዎት ሰዓት ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ለዓመታት የከፈሉት ገንዘብ ያኔ አያድንዎትም።

አሜሪካ ውስጥ በግሉ መድን የሚገዛ ሰው በሕመሙ ምክንያት መመለሱ የተለመደ ነበር። ይህ የቆመው በ2010 የጸደቀው የጤና ሕግ በ2014 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከዚያ በፊት ገበያው ጭራሽ መልስ ያላገኘላቸው ሕመምተኞች ነበሩ። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎችን ያስቡ። ሳያቋርጡ ዲያሊስስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ማድረግ አለባቸው፤ ካላደረጉ ይሞታሉ። የትኛውም ነጋዴ ይህን ሰው በፈቃዱ ደንበኛ አያደርገውም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1972 ሕግ አውጥቶ እነዚህን ሕመምተኞች ዕድሜያቸው 65 ባይሞላም ሜዲኬር በሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን ውስጥ አስገባቸው። የግል ገበያ በሚወደድበት አገር እንኳ መጨረሻ ላይ መንግሥት ነው የደረሰላቸው።

የመንግሥቱ ወረፋ ይበዛበታል ይባላል። እውነት ነው?

ብዙ ቦታ እውነት ነው። በካናዳና በብሪታንያ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ለማስቀየር ወራት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ሕመም ይዞ መጠበቅ ከባድ ነው። ይህን ማቃለል አልፈልግም።

ግን ድንገተኛ ሕመም የሚታየው በተራ ሳይሆን በክብደቱ ነው። ልቡን የያዘው ሰው ቁጥር ወስዶ አይቀመጥም። ደግሞም ወረፋ የሚመጣው ከፋዩ መንግሥት በመሆኑ ብቻ አይደለም። የሐኪም፣ የአልጋና የበጀት ማነስ ያመጣዋል። ጀርመኖች አብዛኞቹ በጋራ መዋጮ ሥር ሆነው ለቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ከብዙዎቹ አገሮች ያነሰ ነው።

የግሉ ወረፋ አጭር ነው ሲባል እኔ የማስበው ሌላ ሰው አለ። መክፈል ስላልቻለ ያልተሰለፈው ሰው። እሱም እየጠበቀ ነው፤ ግን ቤቱ ተኝቶ ነው የሚጠብቀው። ስሙ በየትኛውም የተራ መዝገብ ላይ የለም።

መንግሥት ከያዘው ገንዘቡ አይባክንም?

ይባክናል፤ የግሉም ጋ ይባክናል። የብክነቱ ዓይነት ነው የሚለየው።

የመንግሥት መድን ሲበላሽ መልኩ ይታወቃል። ፈንዱ ለሆስፒታሎች ክፍያ ያዘገያል። ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል። ሕመምተኛው ካርዱን ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱን ውጭ ግዛ» ይባላል። በእጁ መድን አለ፤ የሚከፍለው ግን ከኪሱ ነው። በጋና ብሔራዊ መድን ላይ ሆስፒታሎች ስለ ክፍያ መዘግየት ደጋግመው አቤት ብለዋል። ይህ የሚያም ነገር ነው። ሰው አንድ ጊዜ ተስፋ ከቆረጠ ሁለተኛ አይመዘገብም።

በግሉ በኩል ደግሞ ገንዘቡ በማስታወቂያ፣ በደላላ ኮሚሽን፣ በባለአክሲዮን ትርፍና ክሌም (የደንበኛን የክፍያ ጥያቄ) በሚመረምሩ ሠራተኞች ደመወዝ ይወጣል። የአሜሪካው የ2010 ሕግ መድን ሰጪዎች ከሰበሰቡት አረቦን ቢያንስ 80 በመቶውን፣ ለትልልቅ ድርጅቶች በሚሸጡት ላይ ደግሞ 85 በመቶውን ለሕክምናና ለጥራቱ ማሻሻያ እንዲያወጡ አስገድዷል። ካላወጡ ልዩነቱን ለደንበኛው ይመልሳሉ። እንዲህ ዓይነት ሕግ ማስፈለጉ ራሱ ብዙ ይናገራል።

በወረቀት ሥራ ረገድ አንድ ከፋይ ያለበት አሠራር ይቀላል። ታይዋን በ1995 ሁሉንም በአንድ ብሔራዊ መድን ሥር አድርጋለች። ሆስፒታሉ ሂሳቡን የሚልከው ወደ አንድ ቦታ ነው። የዋጋ ዝርዝሩም አንድ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ባሉበት ግን እያንዳንዱ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ የሆስፒታሎች ዝርዝር፣ የራሱ ቅድመ ፈቃድ አለው። ይህን ሁሉ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ሆስፒታሉም ይቀጥራል። ወጪው ዞሮ ዞሮ እርስዎ ጋ ይመጣል።

ኩባንያዎች ቢወዳደሩ ዋጋ አይወርድም ወይ?

ሊወርድ ይችላል፤ በምን ላይ እንደሚወዳደሩ ግን መታየት አለበት። ልጓም ከሌለ ትርፍ የሚገኝበት ቀላሉ መንገድ ጤነኛ መርጦ መሸጥ ነው። ጥሩ አገልግሎት መስጠት ከዚያ የበለጠ ይከብዳል።

ስዊዘርላንድና ኔዘርላንድስ ይህን በሕግ ዘግተውታል። በስዊዘርላንድ ከ1996 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ መሠረታዊ መድን መግዛት አለበት። ሻጮቹ የግል ናቸው። ከመሠረታዊው መድን ግን ማትረፍ አይፈቀድላቸውም፤ ሕመምተኛ መመለስም አይችሉም። ኔዘርላንድስ በ2006 ወደ ተመሳሳይ መንገድ ገብታለች፤ እዚያ ማትረፍ ላይ ያለው ደንብ ይለያል። በሁለቱም አገር ብዙ ሕመምተኛ የያዘ ኩባንያ ጤነኛ ከያዘው ላይ ማካካሻ ያገኛል። ሰው መርጦ መሸጥ እንዳያዋጣ ተደርጓል ማለት ነው።

አሜሪካ ግን የግሉ ዘርፍ ሰፊ ሆኖ ከጠቅላላ ምርቷ 17 በመቶ ገደማውን ለጤና ታወጣለች። በብዙዎቹ ሀብታም አገሮች ይህ ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ነው። እንዲያም ሆኖ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ምንም መድን ይኖራሉ።

ታዲያ እርስዎ የትኛውን ይደግፋሉ?

መሠረታዊው ሕክምና ሁሉም የገባበት፣ መዋጮውም በአቅም የሚሰላበት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ጽሕፈት ቤቱን መንግሥት ያስተዳድረው፣ ፈንድ ያስተዳድረው፣ በጥብቅ ሕግ ሥር ያለ ኩባንያ ያስተዳድረው፣ ለእኔ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ስዊዘርላንድ በግል ኩባንያ፣ ታይዋን በመንግሥት ተቋም ሁሉንም ማለት ይቻላል ሸፍነዋል። የማልቀበለው ሕመምተኛው ስለታመመ ብቻ የሚመለስበትን አሠራር ነው።

ደመወዝ የሌለው ሰው እንዴት ይገባል? ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው?

ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮ እነሱን አያገኛቸውም። አብዛኛው ሰው መደበኛ ቅጥር በሌለበት አገር ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ጋና በ2003 ባወጣችው ሕግ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር የሚሰበሰብ የ2.5 በመቶ ቀረጥ ለመድኑ መደበች፤ ገበያ የሚገዛ ሁሉ ሳያውቀውም ያዋጣል። ታይላንድ በ2002 በሌላ ፈንድ ያልተያዘውን ሕዝብ በሙሉ ከግብር ሸፈነች። ሩዋንዳ በማኅበረሰብ መድኗ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ የድሆቹን መዋጮ ራሷ ከፈለች። በሦስቱም አገር መንግሥት ገንዘብ ጨምሯል። ለድሃው በገበያ ዋጋ ብቻ የሚደርስ መድን አላየሁም።

መሥሪያ ቤቴ ገብቶልኛል። ሥራ ብለቅስ?

በአብዛኛው መድኑም አብሮ ይቀራል። ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው፤ ሰው ታሞ ሥራውን ሲያጣ መድኑንም ያጣል። በአሜሪካ ይህ አሠራር የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በ1942 መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ገደበ። አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፋንታ የጤና መድን መስጠት ያዙ። አስቦ የነደፈው ሰው የለም፤ በዚያው ቀረ።

ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት ሽፋኑ በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ ይጠይቁ። በራስዎ ክፍያ መቀጠል ይቻል እንደሆነም ያጣሩ። አዲሱ ውል የመጠበቂያ ጊዜ ካለው አሮጌው ሳያልቅ ይጀምሩት።

ኢንሹራንስ እያለኝ ሐኪም ጋ ስሄድ ለምን እንደገና እከፍላለሁ?

ሰው ያለ ምክንያት እንዳይመላለስ ነው፤ የሚሰጠው ምክንያት ይህ ነው። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን በትልቅ ሙከራ አይቶታል። ከሕክምናው ወጪ ድርሻ የሚከፍሉ ሰዎች ሐኪም ጋ የሚሄዱት ቀንሷል። ችግሩ፣ የቀነሱት የማያስፈልገውን ብቻ አልነበረም። የሚያስፈልገውንም ቀንሰዋል። ለአብዛኛው ሰው በጤናው ላይ የታየ ጉዳት አልነበረም፤ ደም ግፊት ያለባቸው ድሆች ግን ተጎድተዋል። ስለዚህ ትንሽ ድርሻ ብዙ አይጎዳም፤ ድሃውና ስር የሰደደ ሕመም ያለበት ግን ነፃ ሊደረግ ይገባል።

ሁለቱንም መያዝ ያዋጣል?

የመንግሥቱ በሚተወው ነገር ላይ ያዋጣል። ካናዳ ውስጥ ጥርስና ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት ለአብዛኛው ሰው በመሠረታዊው መድን ስላልተያዘ ብዙ ሠራተኛ በአሠሪው በኩል ተጨማሪ የግል መድን አለው። በብሪታንያ የግሉ በዋናነት ወረፋ ለማሳጠር ነው። እዚያ የግል መድን አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ሕክምናንና ስር የሰደደ ሕመምን አይሸፍንም። ለእነዚያ ተመልሶ ወደ መንግሥቱ ይኬዳል። የመንግሥቱን ጥሎ በግሉ ብቻ መቅረት ግን አደገኛ ነው። ጀርመን ውስጥ ወደ ግሉ የወጣ ሰው ከ55 ዓመት በኋላ ወደ ሕዝቡ ፈንድ መመለስ በጣም ይከብደዋል። በወጣትነት ረክሶ የታየው ውል በእርጅና ይወደዳል።

ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ሻጩ የሚነግርዎት የሚሸፈነውን ነው። እርስዎ የማይሸፈነውን ይጠይቁ። ውሉ ላይ «የማይካተቱ» የሚለውን ክፍል መጀመሪያ ያንብቡ። ኩባንያው በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ ስንት ነው? ለቤተሰቡ በሙሉ ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ካንሰርና ዲያሊስስ የራሳቸው ጣሪያ አላቸው? ወሊድ ከስንት ወር በኋላ ይጀምራል? ሆስፒታሉ በቀጥታ ከኩባንያው ይቀበላል ወይስ እርስዎ ከፍለው በኋላ ይመለስልዎታል? ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። እኩለ ሌሊት ላይ በእጁ ገንዘብ ለሌለው ሰው «በኋላ ይመለሳል» የሚል መድን አይጠቅምም። አረቦኑ በዕድሜ እንዴት እንደሚጨምርም በጽሑፍ ያሳዩዎት።

ክሌሜን ከለከሉኝ። ምን ላድርግ?

ተስፋ አይቁረጡ። የከለከሉበትን ምክንያት የውሉን አንቀጽ ጠቅሰው በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የወረቀት ጉድለት ነው፤ የሪፈር ወረቀት ጎድሏል፣ ቅድመ ፈቃድ አልተወሰደም፣ የምርመራው ስም በትክክል አልተጻፈም። ሐኪምዎ ሕክምናው ለምን እንዳስፈለገ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልዎት። እሱን አያይዘው ይግባኝ ይበሉ። ይግባኝ የሚቀርብበት ቀነ ገደብ አለ፤ እንዳያልፍዎት። ኩባንያው እንደገና እምቢ ካለ መድን ሰጪዎችን ወደሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ይሂዱ። የመንግሥት ፈንድ ከሆነ ደግሞ የራሱ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ጋ ይጀምሩ። የሰጡትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያስቀሩ፤ በስልክ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይመዝግቡ።